ፊልም በእድር ድንኳን

ከንቲባው ጉድጓዱ ላይ ቀይ ምንጣፍ ሲያስነጥፍበት ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። እኔ አልሳቅሁም። ማይክ ይዤ ከተንጠለጠለው ነጭ አንሶላ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ፊልሙን ለሰፈሩ ሰው በአማርኛ የምተረጉመው እኔ ነኝ። ዓይኔ ግን ፊልሙ ላይ አልነበረም። ፊተኛው አግዳሚ ላይ ጋቢውን ጉልበቱ ላይ አጣጥፎ የተቀመጠውን አባቴን ነበር የማየው። ይስቃል? አይስቅም? ቢስቅስ በማን ነው የሚስቀው? እግሬ አንድ ቦታ አልረጋ ብሎ የማይኩ ገመድ ተጠመጠመብኝ።

አባቴ የሰፈራችን እድር ዳኛ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወደ ታች በሚወርደው ተዳፋት ላይ የምንኖር ሰዎች አንድ እድር አለን፤ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚጥል፣ መቃብር የሚቆፍር፣ ሐዘንተኛ የሚያስተዛዝን። ከሰፈራችን ጀርባ ደግሞ ቦረቦር አለ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ በሩጫ ዘልለን የምንሻገረው የጎርፍ መሄጃ ነበር። ከአስፋልቱ የሚወርደው ውኃ በየክረምቱ እየጎረሰው ሄደና ዛሬ ጭነት የተጫነ አህያ ቢገባበት ጆሮው አይታይም።

ቦረቦሩ አፉን ያዞረው ወደ እትዬ ቤት ነው። እትዬ የምላቸው ጎረቤታችን ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ልጅ የላቸውም፣ እናቴ ገበያ ስትውል እኔን ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ የጌሾ ተክላቸውን ወሰደው። ቀጥሎ አጥራቸውን። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ጠዋት ሽንት ቤታቸው ከቦታው ጠፋ። እትዬ ጫፉ ላይ ቆመው ወደ ታች አዩና፣ «እንኳንም እኔ ሳልኖርበት ሄደ» ብለው ሳቁ። ዘንድሮ ደግሞ የጓዳቸው ግድግዳ ተሰነጠቀ። ጣቴን ከትቼ አየሁት፤ ከወዲያ ነፋስ ይመጣል።

ስለዚህ ነገር አባቴን በጠየቅሁት ቁጥር መልሱ አንድ ነው።

«ጥያቄያችን ቀርቧል። መሐንዲስ ይመጣል ተብሏል።»

«እስከዚያስ አባባ?»

«እስከዚያማ እግዚአብሔር አለ።»

የሚያናድደው በየቤቱ ዶማ መኖሩ ነው። ሰውም ሞልቷል። የሌለው የሚጠራ ነው። የእኛ ሰፈር ሰው ሳያንገራግር የሚወጣው የእድር ጥሩምባ ሲነፋ ብቻ ነው፤ የቀረ ይቀጣል። ጥሩምባ ደግሞ ሰው ካልሞተ አይነፋም። የእድሩ ዶማና አካፋም ከመጋዘን የሚወጣው ለመቃብር ብቻ ነው፤ ለሌላ ሥራ ከዋለ ሞት ይጠራል ይባላል። ታዲያ ሁላችንም እትዬ እስኪሞቱ የምንጠብቅ አንመስልም? ይህን ካሰብኩበት ቀን ጀምሮ ቁጭ ብሎ እንጀራ መብላት እንኳ አቃተኝ። እናቴ፣ «ይቺ ልጅ ምን ነክሷት ነው?» ትላለች።

ፊልሙን ያመጣችው እታለም ናት፤ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ታላቅ እህቴ። በአንድ ትልቅ የውጭ አገር ከተማ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ሰፌድ የምታክል ጉድጓድ ትከፈታለች። አፈር የምታጠና አንዲት ሴት ለክታ፣ በየቀኑ እየሰፋ ነው ብላ ለከንቲባው ትነግረዋለች። ከንቲባው፣ «ጉድጓድ አትበሉ፤ ዝቅ ያለ ቦታ በሉ» ብሎ ያዛል። ቴሌቪዥኑ ለዝቅተኛው ቦታ ዘፈን ያወጣለታል። ተቃዋሚው ጫፉ ላይ ቆሞ ንግግር ሲያደርግ ራሱ ይገባበታል፤ ደጋፊዎቹ «ለጉብኝት ወርዶ ነው» ይላሉ። እታለም አልጋዋ ላይ ተጋድማ ትስቃለች። እኔ ግን ገና ጉድጓዱ ሲከፈት ተነስቼ ቆሜያለሁ።

«አባባ ይህን ማየት አለበት!»

«ብቻውን ቢያይ እንቅልፍ ይወስደዋል» አለች። «ከሰው ጋር ነው ማየት ያለበት።»

ድንኳኑ ለሠርግም ስለሚወጣ እንደ ዶማው አያስፈራም። አባቴ ግን ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት ጣቱን አነሳ።

«ፖለቲካ የለበትም አይደል?»

«ስለ ጉድጓድ ነው አባባ» አልኩ።

«ጉድጓድ ብቻ?»

«ጉድጓድ ብቻ።»

«የየት አገር ጉድጓድ?»

«የፈረንጅ።»

ትንሽ አሰበና፣ «እሺ፣ የፈረንጅ ከሆነ» አለ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ድንኳኑን እትዬ በር ላይ ጣልነው። ሰፈራችን ተዳፋት ስለሆነ ድንኳን የሚይዝ ሜዳ ያለው እዚያ ብቻ ነው። እታለም ከጓደኞቿ ፕሮጀክተር ተዋሰች፤ መብራቱን ከባለሱቁ በረጅም ገመድ ሳብን። ባለሱቁ ሶኬቱን ሲሰካ፣ «በኔ መብራት ሌላ ነገር እንዳታሳዩ፣ ኋላ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለ፤ ከዚያ ሱቁን ዘግቶ ከሚስቱ ጋር መጥቶ መሀል ላይ ተቀመጠ። ሰው ሞላ። እናቶች እንደ ለቅሶ ቤት በአንድ ወገን፣ ወንዶች በአንድ ወገን። እትዬ የክብር እንግዳ ይመስል ከሴቶቹ ሁሉ ፊት።

ሰው ፊልም ዝም ብሎ የሚያይ ይመስለኝ ነበር። የእኛ ሰፈር ሰው ይነጋገረዋል። ሴትዮዋ ጉድጓዱን ስትለካ ከኋላ አንዷ፣ «ይቺ ልጅ ብቻዋን በዚህ ብርድ! ሰው የላትም እንዴ?» አለች። ወንዶቹ ጉድጓዱን እንዴት እንደሚደፍኑት ተከራከሩ።

«ድንጋይ ይሙሉበት!»

«ውኃውን ከላይ ሳይቀለብሱ ድንጋይ ቢሞሉበት ምን ዋጋ አለው?»

«እዚያ ውኃ የለም እኮ፣ ደረቅ ነው።»

«ውኃማ ከሥር አለ! ዝም ብሎ የሚቦረቦር መሬት አይተህ ታውቃለህ?»

ሁሉም መሐንዲስ ሆነ። እኔ በማይክ እየጮህኩ ውስጤ ይንተከተካል፤ ይህን ሁሉ ካወቃችሁ ጓሯችን ውስጥ ያለውንስ? እትዬ ደግሞ አንሶላው ላይ ላለው ከንቲባ እጃቸውን እያወዛወዙ፣ «ይበላሃል! አይዞህ፣ እኔን ጠይቀኝ፣ ይበላሃል!» ይሉታል። አንዱ ሽማግሌ፣ «ይህን ሰውዬ የማውቀው ይመስለኛል» ሲሉ ባለሱቁ ፊቱን ወደ ድንኳኑ በር አዞረና፣ «እባክዎ አባባ፣ ፈረንጅ ነው፣ አያውቁትም» አላቸው። ይህን ጊዜ ሳቁ እጥፍ ሆነ።

ምንጣፉ የተነጠፈውም ይኼኔ ነው። አባቴም ሳቀ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ፤ ሳቁ ንጹሕ ነበራ! ከንቲባውን እንደ ሩቅ ሰው ነው የሚስቅበት። ምንጣፉ የሌላ አገር ምንጣፍ፣ ጉድጓዱም የሌላ አገር ጉድጓድ ነው ለእሱ። ፊልሙ እየሄደ ነው፣ ሊያልቅ ነው፣ ከዚያ ሰው ወንበሩን አጥፎ ሊገባ ነው።

ከንቲባው ለጋዜጠኞች ንግግር ጀመረ። ምን እንዳለ አላስታውስም፤ ስለ ልማት ይመስለኛል። እኔ ድምፄን አወፈርኩና እንዲህ ብዬ ተረጎምኩት፦

«ጥያቄያችን ቀርቧል። መሐንዲስ ይመጣል ተብሏል። እስከዚያማ እግዚአብሔር አለ።»

እታለም ከፕሮጀክተሩ ጀርባ አፏን በእጇ ያዘች። ከሴቶቹ ወገን አንድ የታፈነ ሳቅ ወጣ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ አንገቶች ሁሉ ወደ ፊተኛው አግዳሚ ዞሩ። የአባቴ ሳቅ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ቀስ ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ ብሎኛል። ቃል ሰው ሊያቆም እንደሚችል ያን ጊዜ አወቅሁ።

ቀጥሎ ምን እንደምል ሳላውቅ ከውጭ ጩኸት መጣ።

«እቴን! ወየው እቴን! ነይ ስልሽ! ነይ ከእኔ ጋር ስልሽ!»

የድንኳኑ በር ተገለጠና አንድ ገበሬ ጋቢውን ዘቅዝቆ፣ ሚስቱ ደረቷን እየደቃች ገቡ። እንግዲህ የእኛ ሰፈር ሴት የእድር ድንኳን ውስጥ ለቅሶ ስትሰማ ማን ሞተ ብላ አትጠይቅም፤ መጀመሪያ ታለቅሳለች፣ በኋላ ትጠይቃለች። ከጥግ እስከ ጥግ ተነሡ። እናቴ አለቀሰች። የባለሱቁ ሚስት ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ተነሣች። አንሶላው ላይ የማርሽ ባንድ ለዝቅተኛው ቦታ ይዘፍናል፤ እዚህ ዋይታ። እትዬ ራሳቸው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እንባቸውን እያፈሰሱ፣ «ማን ነው? ኧረ ማን ነው የሞተብን?» እያሉ ወደ ሐዘንተኛው ሄዱ።

ሰውየው ፊት ለፊት ሲያያቸው ጩኸቱን አቋረጠ።

«አንቺ! አልሞትሽም?»

«ማን ሞተች አለህ?» አሉ እትዬ። አማኑኤል በምትባለው ከተማ አካባቢ የሚያርሰው ወንድማቸው ነበር። እሑድ ስለሆነ ሊጠይቋቸው ከሚስቱ ጋር መጥተው፣ ከባጃጅ ሲወርዱ ድንኳን በራቸው ላይ ተጥሎ አዩ።

«ድንኳኑስ?»

«ፊልም እያየን ነው።»

«የምን ፊልም?»

«የጉድጓድ» አሉ እትዬ እንባቸውን እየጠረጉ።

ያን ጊዜ የሳቅነውን ሳቅ ልጽፈው አልችልም። ሴቶቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ሳቁ፤ «ለማን ነበር ያለቀስሽው አንቺ?» «እንጃ፣ አንቺ ስታለቅሺ!» ወንድምየው ግን አልሳቀም። ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ ወደ አባቴ ዞረ፤ የእድሩ ዳኛ እሱ መሆኑን ያውቃል።

«እኔ ድንኳኑን ሳየው አለቀስሁ እንጂ አልገረመኝም» አለ። «እሱ ነው የከፋኝ። ግድግዳዬ ተሰነጠቀ ብላ በስልክ ከነገረችኝ ጀምሮ ይህን ድንኳን ስጠብቀው ነበር። ነገ ይዣት እሄዳለሁ። ቤቱም ይቅር፣ ገደሉ ይብላው።»

ወደ አማኑኤል! እትዬ ሄደው በራቸው ተዘግቶ፣ ከዚያ ቤቱም ወርዶ ታየኝ። አባቴ ተነሣ።

«ወንድሜ፣ ተቀመጥ እስኪ። እኛም ዝም አላልንም፤ ጥያቄያችን...»

እዚያ ላይ ቆመ። ቃሉ ከአፉ አልወጣ አለ፤ ከንቲባው ወስዶበታል። ሰው ሁሉ የቀረውን ያውቀዋል፤ ማንም ግን አልሳቀም። ማይኩ አልጠፋም ነበርና የእኔ ትንፋሽ በድምፅ ማጉያው ይሰማል።

«ዳኛው» አሉ እትዬ። «ለቅሶዬ ተለቅሷል?»

«ኧረ እትዬ፣ ምን ማለትዎ ነው?»

«ተለቅሷል ወይስ አልተለቀሰም? ራሴም አልቅሻለሁ።»

«...ተለቅሷል።»

«ድንኳኔስ ተጥሏል?»

«ተጥሏል።»

«እንግዲህ የቀረኝ ቁፋሮው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የእድሬን ሳላጓድል ከፍያለሁ፤ ከሰው ቀብርም ቀርቼ አላውቅም። ጥሩምባዬን አስነፋልኝ። ዶማው ይውጣልኝ። እኔን ለመቅበር ከምትቆፍሩ ከላይ ቆፍሩና ውኃውን ቀልብሱልኝ።»

«ኧረ በማርያም!» አሉ ከንቲባውን አውቀዋለሁ ያሉት ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ተነሥተው። «የመቃብር ዶማ ለሕያው ሰው አይወጣም! ምልክቱ ጥሩ አይደለም።»

«ከዚህ የባሰ ምን ምልክት ይምጣ?» አሉ እትዬ። «ወንድሜ አልቅሶብኝ ገባ።»

ሁሉም አባቴን ጠበቀ። እኔ ጠበቅሁት። እሱ ጋቢውን አነሣ፣ ትከሻው ላይ ጣለ፣ «ፊልሙ ይጠናቀቅ» አለና ወጣ። በቃ። እሺም አላለም፣ እምቢም አላለም። እትዬ ወደ ወንድማቸው ዞረው፣ «ጠዋት ጥሩምባ ካልሰማሁ አብሬህ እመጣለሁ» አሉት። ያንን ሲሉ ግን አይስቁም ነበር።

ቀሪውን እንዴት እንደተረጎምኩት አላውቅም። ዓይኔ የድንኳኑ በር ላይ ነው። ፊልሙ የሚያልቀው ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ሲሰምጥ ነው፤ ከንቲባው በሄሊኮፕተር ይሄዳል፤ ቴሌቪዥኑ ነገ ፀሐይ ይሆናል ይላል። ጽሑፉ ሲወርድ ሰው ተቆጣ።

«ይኼ ነው መጨረሻው?»

«ክፍል ሁለት የለውም?»

«የለውም» አለች እታለም።

«ያቺ ልጅስ የት ደረሰች?»

«አላሳየም።»

«እንዴት አያሳይም! እኛ እኮ ለእሷ ነው የተቀመጥነው!»

ከግማሽ ጀምራ ያየችው የወንድምየው ሚስት እስካሁን አልተናገረችም ነበር። አንሶላውን ትክ ብላ እያየች፣ «እነዚህ ሰዎች እድር የላቸውም እንዴ?» አለች። ሰው ተነሥቶ ሲወጣ አንዱ የሌላውን ፊት አያይም።

ያን ሌሊት በአንድ ጎኔ አልተኛሁም። ስገላበጥ እታለም፣ «ወይ ተኚ ወይ ውጪ» አለችኝ። ሊነጋ ሲል እንቅልፍ ወሰደኝ መሰለኝ፤ የነቃሁት በጥሩምባ ነው።

ጥሩምባ ነፊያችን የሚያውቀው አንድ ዓይነት አዋጅ ነው፦ እገሌ አርፈዋል፣ ቀብራቸው በዚህ ሰዓት። ዛሬ አፉ ተሳሰረበት። ነፋ፣ ዝም አለ፣ እንደገና ነፋ፣ ከዚያ በሰፈሩ መሀል ጮኸ፦

«እትዬ... እትዬ አልሞቱም! አልሞቱም፣ ግን ውጡ! ዶማ ያለው ዶማ፣ አካፋ ያለው አካፋ! የቀረ ይቀጣል!»

ያለ ጫማ ወጣሁ። አባቴ የመጋዘኑን በር ከፍቶ የመቃብሩን ዶማዎች ለሰው ያድላል። የፊቱ መልክ ገና የተቆጣ ሰው ነው። ከሴቶቹ አንዳንዶቹ በድንጋጤ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ነው የመጡት፤ ሽማግሌውም መጡ፣ ግን የእድሩን ዶማ አልነካም ብለው ከቤታቸው የራሳቸውን ይዘው። ከአስፋልቱ ሥር፣ ውኃው ከሚገባበት በላይ፣ መቀልበሻ ቦይ ከሰፈሩ ወዲያ ወዳለው ድልድይ አቅጣጫ መቆፈር ተጀመረ። እኔ አፈር ስዝቅ አባቴ አጠገቤ ሲቆፍር ቀና ብሎ፣ «ከንቲባው እንደዚያ ብሎ ነበር?» አለኝ።

«አላለም።»

«ጠርጥሬ ነበር» አለና ዶማውን አነሣ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ድምፄን ግን እንደዚያ ወፍራም አታድርጊው» አለ።

ከምሳ በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። የእትዬ ወንድም ከብቶቹ የሚጠብቁት ሰው ነውና ቆፍሮ ቆፍሮ፣ እጁን ታጥቦ፣ ዘንቢሉን ይዞ ወደ አገሩ ሊመለስ ባጃጅ አስጠርቶ ነበር፤ ሚስቱ ቀድማ ገብታለች። እትዬ ዕቃ አልሰበሰቡም፤ በራቸው ላይ ቆመው ያዩናል። ዝናቡ በአንድ ጊዜ ወረደ። ሁላችንም ቦዩ ዳር ተደረደርን። ውኃው ከአስፋልቱ ቀይ ሆኖ መጣ፣ አዲሱ ቦይ አፍ ላይ ትንሽ ተሽከረከረ፣ ከዚያ — አምላኬ! — ዞረ። ወደ ድልድዩ ዞረ! ጮህኩ፣ ሁሉም ጮኸ። ጩኸታችን ሳያልቅ ግን መታጠፊያው ላይ አፈሩ መሸርሸር ጀመረ፤ አንድ ቀጭን ውኃ አምልጦ በድሮው መንገድ ወደ እትዬ ጓሮ ወረደ።

«ማዳበሪያ! ባዶ ማዳበሪያ አምጡ!» አለ አባቴ ቦዩ ውስጥ እየገባ። «አፈር ሙሉና አቀብሉኝ! ቶሎ!»

ከየቤቱ ባዶ ማዳበሪያ እየተወረወረ መጣ። እኔ አፉን እይዛለሁ፣ እናቴ ትሞላለች፣ እታለም ትጎትታለች፤ ማን ማንን እንደሚያዝ አይታወቅም፣ ዓይኔ ውስጥ ጭቃ ገብቷል። ቀና ስል ወንድምየው ከባጃጁ በር ላይ እንደቆመ ያየናል። ያንን ቀጭን ውኃ በዓይኑ ተከትሎ እስከ እህቱ ግድግዳ ድረስ አየ። ከዚያ ዘንቢሉን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ «ውረጂ አንቺ፣ ነይ ያዢ!» ብሎ ሚስቱን ጠራና አካፋ አንሥቶ ወደ መታጠፊያው ሮጠ። ባጃጁ አንድ ሁለቴ ክላክስ አደረገ፤ የሚመለስለት ሲያጣ ባዶውን ዳገቱን ወጣ።